ቅዱስ ድሜጥሮስና የ532 ዓመት ቀመር

ቁጥር ከሰው ልጅ የአእምሮ ሥራዎች ሁሉ የቀደመ ነው። እረኛ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ይቈጥራል፤ ነጋዴ ወደ ገበያ ሲወጣና ሲመለስ ይቈጥራል፤ እናትም የፅንስዋን ወራት ትቈጥራለች። ይሁን እንጂ ከሚቈጠረው ነገር ሁሉ ዘመን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከብት በበረት ቆሞ ይጠብቃል፥ ገንዘብም በከረጢት ታስሮ ይቀመጣል፤ ዘመን ግን ለሚቈጥረው ሰው አይቆምለትም። ፀሐይ በራስዋ መንገድ ትሄዳለች፥ ጨረቃም በራስዋ መንገድ ትሄዳለች፥ የሳምንቱም ቀኖች ሁለቱን ሳይጠብቁ ሰባት ሰባት እየሆኑ ያልፋሉ። ሦስቱን አስማምቶ በአንድነት መቍጠር ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው።

በሰባት ቤት አገው ምድር፥ በጥርባም ሆነ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ፥ አንድ ገበሬ ዐቢይ ጾም በየትኛው ቀን እንደሚገባ ቢጠይቅ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ካህን ወደ ሌላ አገር መልእክተኛ አይልክም። በእጁ ጣቶች ጥቂት ጊዜ ካሰላ በኋላ ቀኑን ይነግረዋል። የነገረውም ቀን በጎንደር፥ በአክሱም፥ በአዲስ አበባ፥ በግብፅም አገር በእስክንድርያ ከሚጠበቀው ቀን ጋር አንድ ይሆናል። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፥ በቋንቋም የማይግባቡ ሰዎች በአንድ ቀን ይጾማሉ፥ በአንድ ቀንም ይፈስካሉ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዚህ ሒሳብ አባት የሚባለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሕይወቱን፥ ቀጥለንም በስሙ የሚጠራውን ቁጥር እንመልከት።

ድሜጥሮስ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። እስክንድርያ በዚያ ዘመን የጥበብ ከተማ ነበረች። የሥነ ልክን ትምህርት በመጽሐፍ ያደራጀው ኤውክልድስ ያስተማረው በእርስዋ ነው፤ የምድርን ዙሪያ በጥላ የለካው ኤራቶስቴንስ የመጻሕፍትዋ ቤት ጠባቂ ነበረ፤ ስለ ከዋክብት አካሄድ ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው በጥሊሞስም ድሜጥሮስ ከመሾሙ ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ቀደም ብሎ በዚያው ይሠራ ነበረ። ድሜጥሮስ ግን ከእነዚህ ሊቃውንት ወገን አልነበረም። ስንክሳር እንደሚተርከው ወይን የሚተክል፥ የሚገርዝና የሚጠብቅ ገበሬ ነበረ፤ መጻሕፍትንም አልተማረም ነበረ። እጆቹ መቍረጫ እንጂ ብርዕ አያውቁም።

የእስክንድርያ 11ኛው ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ በሞት አልጋ ላይ ሳለ መልአክ ተገልጦለት፥ በማግሥቱ የወይን ዘለላ ይዞለት የሚመጣው ሰው በወንበሩ እንደሚተካ ነገረው ይባላል። ወራቱ ወይን የሚያፈራበት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ቀን ድሜጥሮስ ያለ ጊዜው ያፈራ የወይን ዘለላ በአትክልቱ አገኘ፥ ለራሱም ሊበላው አልወደደም፤ ለታመመው አባት በረከት ይሁን ብሎ ወሰደለት። ዩልያኖስም ምልክቱን አይቶ ለካህናቱና ለሕዝቡ አሳያቸው። ድሜጥሮስ እንዳልተማረ፥ ባለ ሚስትም እንደ ሆነ እየተናገረ ሹመቱን ቢሸሽም አልተዉትም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ ዘቂሳርያ፥ ድሜጥሮስ የተሾመው ንጉሥ ኮሞዶስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት እንደ ሆነ ጽፎአል፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 189 ዓመት ነው። በእስክንድርያ አባቶች ተራ 12ኛው ሆኖ ይቈጠራል።

ሰው ሲሾም ምቀኛም አብሮ ይነሣል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃነ ጳጳሳት ደናግል ነበሩና፥ ሕዝቡ ባለ ሚስት በቅዱስ ማርቆስ ወንበር ተቀመጠ ብሎ ያጕረመርም ጀመረ። ነገሩ ግን ሌላ ነበረ። ሚስቱ በኢትዮጵያ መጻሕፍት ልዕልተ ወይን ትባላለች፤ የአጎቱ ልጅ ነበረችና በአንድ ቤት አብረው አደጉ። ወላጆቻቸው ባጋቡአቸው ጊዜ ሁለቱ በምስጢር ተማክረው በንጽሕና እንደ ወንድምና እንደ እኅት ሊኖሩ ቃል ተጋቡ፥ ቃላቸውንም ለብዙ ዘመን ለማንም ሳይገልጡ ጠበቁ። ድሜጥሮስ ስሙ ሲጠፋ እንኳ ምስጢሩን ሊገልጥ አልፈለገም፤ የተሰወረ በጎ ሥራ እንዲሰወር ይሻ ነበረና። በኋላ ግን ሕዝቡ በሐሜት እንዳይጠፋ ይገልጥ ዘንድ ታዘዘ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቆማቸው፥ እሳት አስነድዶም ፍሙን በራሱ ልብስና በሚስቱ መጐናጸፊያ አደረገ፤ ሁለቱም ሕዝቡን ዞሩ፥ ልብሳቸውም አልተቃጠለም ይላል ስንክሳር። ሕዝቡም ተጸጽቶ ይቅርታ ለመነ። ይህ የሚታሰብበት ቀን መጋቢት 12 ነው።

ድሜጥሮስ ከተሾመ በኋላ ያልተማረ መሆኑ አላሳፈረውም፥ እንዲሁ ሊቀርም አልወደደም። ከሸመገለ በኋላ ወደ መጻሕፍት ፊቱን አቀና፥ እንደ ሕፃን ተማረ። ብዙ ሰው በታናሽነቱ ያላወቀውን ነገር በታላቅነቱ መጠየቅ ያፍራል፤ በማፈሩም ምክንያት እስከ ሞቱ ሳያውቅ ይኖራል። የወይን ገበሬው ግን በጳጳስ ልብስ ላይ የተማሪነትን ልብ ደረበ።

በዘመኑ በክርስቲያን ወገን ታላቅ ክርክር ነበረ። በእስያ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን ከአይሁድ ጋር ጨረቃ በ14 ቀንዋ በምትሞላበት ዕለት፥ በየትኛውም የሳምንት ቀን ቢውል ያከብሩ ነበረ፤ ሮምና እስክንድርያ ግን ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጣ ይፈልጉ ነበረ። በ190 ዓመት ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቢክቶር የእስያን ክርስቲያኖች ከአንድነት ሊለያቸው እስኪያስብ ድረስ ነገሩ ከረረ። አንዱ ወንድም በኀዘን ሲጾም ሌላው ወንድም በደስታ ይበላ ነበረ። ጠቡ በቀን ቁጥር የተነሣ ቢሆንም የተጐዳው ፍቅር ነው። በዚያን ዘመን የፍልስጥኤም ጳጳሳት ከእስክንድርያ ጋር ደብዳቤ እየተላላኩ በዓሉን በአንድ ቀን እንደሚያከብሩ አውሳብዮስ መዝግቦአል። ነገር ግን በየዓመቱ ደብዳቤ መላክ አስቸጋሪ ነው፤ መልእክተኛ ይታመማል፥ መርከብም ይሰጥማል። የሚያስፈልገው ለማንም የማይዘገይ፥ በሁሉም ቤት አንድ የሆነ ቁጥር ነበረ።

በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ እንዲህ ይተረካል። ድሜጥሮስ ጾመ ነነዌ፥ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፥ ደብረ ዘይት፥ ሆሣዕና፥ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ዕርገት ከሐሙስ፥ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ከረቡዕ እንዳይወጡ ይመኝ ነበረ። መልአክም መጥቶ ነገር በምኞት እንደማይገኝ፥ በድካም እንደሚገኝ ነገረው፤ 7 ሱባዔ፥ ደግሞም 23 ሱባዔ እንዲገባ አዘዘው። አንድ ሱባዔ 7 ቀን ነውና 7ቱ ሱባዔ 49 ይሆናል፤ ከ49 ሠላሳውን ቢገድፉት 19 ይቀራል። 23ቱ ሱባዔ ደግሞ 161 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳውን ቢገድፉት 11 ይቀራል። 11 የአበቅቴ፥ 19ም የመጥቅዕ መነሻ ሆኑ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የጸሎቱ ድካም ራሱ ቁጥር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

11 ቁጥር ያለ ምክንያት አልተገኘም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፥ 12 የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ናቸው፤ ልዩነቱ 11 ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ፀሐይና ጨረቃ በአንድነት ዓመት ቢጀምሩ፥ በሚመጣው ዓመት ጨረቃ በ11 ቀን ትቀድማለች፥ በሦስተኛው በ22፥ በአራተኛው በ33 ትቀድማለች፤ 33 ግን አንድ ወር ሙሉ አልፎ 3 ቀን ነው። እንዲህ እየሆነ ሲሄድ በ19 ዓመት ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። 11ን በ19 ብናባዛ 209 ይሆናል፤ 7 ወር ሙሉ ሊሆን የሚጐድለው 1 ቀን ብቻ ነው። ሊቃውንትም ይህን 1 ቀን በየ19 ዓመቱ መጨረሻ ይጨምራሉ። ይህን የ19 ዓመት ዙር ከክርስቶስ ልደት 432 ዓመት አስቀድሞ በአቴና ሜቶን ገልጦት ነበረ።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ዓመት እንይ። የ2000 ዓመተ ምሕረትን ፋሲካ እንፈልግ። እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቈጠረውን 5500 ዓመት በ2000 ላይ ብንጨምር 7500 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። 7500ን ለ19 ብናካፍል 394 ጊዜ ደርሶ 14 ይተርፋል። ከ14 አንዱን ብናነሣ 13 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 13ን በ11 ብናባዛ 143 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳውን ብንገድፍ 23 ይቀራል፥ ይህ አበቅቴ ነው። 13ን በ19 ብናባዛ 247 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳውን ብንገድፍ 7 ይቀራል፥ ይህ መጥቅዕ ነው። 23ና 7 ተደምረው 30 ይሆናሉ። ሠላሳ ባይሞሉ ኖሮ ቈጣሪው እንደ ተሳሳተ ያውቅ ነበረ፤ ሒሳቡ የራሱን ምስክር በውስጡ ይዞአልና።

መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላል፤ ከ14 ቢበልጥ ኖሮ በመስከረም ይውል ነበረ። በ2000 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት 7 ቀን ሐሙስ ነበረ። የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው፤ 7ና 3 ተደምረው 10 ይሆናሉ፥ ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 10 ቀን ሰኞ ገባ። ከዚያ በኋላ 69 ቀን ብንቈጥር ሚያዝያ 19 ቀን እሑድ ላይ እንደርሳለን። በ2000 ዓመተ ምሕረት ፋሲካ የዋለው በዚሁ ቀን ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፥ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም።

አሁን ወደ ታላቁ ቁጥር እንምጣ። አንድ ተማሪ የ2000 ዓመተ ምሕረት በዓላት ሁሉ በዚያው ቀንና በዚያው ዕለት ተመልሰው የሚውሉት መቼ ነው ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮች በአንድነት መመለስ አለባቸው። የጨረቃ ዙር 19 ዓመት ነው። የሳምንቱ ቀኖች 7 ናቸው። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት የወንጌላውያን ዙር፥ ማለት ማቴዎስ፥ ማርቆስ፥ ሉቃስ፥ ዮሐንስ፥ 4 ዓመት ነው።

ይህን በገበያ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሦስት ነጋዴዎች በአንድ ቅዳሜ በአንድ ገበያ ተገናኙ እንበል። አንዱ በየ4 ሳምንት፥ ሁለተኛው በየ7 ሳምንት፥ ሦስተኛው በየ19 ሳምንት ወደዚያ ገበያ ይመለሳሉ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው በ28ኛው ሳምንት ይገናኛሉ፤ የመጀመሪያውና ሦስተኛው በ76ኛው ሳምንት ይገናኛሉ፤ ሦስቱ ሁሉ ግን በ532ኛው ሳምንት እንጂ ከዚያ በፊት አይገናኙም። ምክንያቱም 4፥ 7ና 19 ከ1 በቀር ሁለቱን በአንድነት የሚያካፍል ቁጥር የላቸውም። አንዱ በየ4፥ ሌላው በየ6 ሳምንት ቢመጡ ኖሮ 24 ሳይጠብቁ በ12 ይገናኙ ነበረ፤ 4ንና 6ን 2 ያካፍላቸዋልና። 4ን በ7 ብናባዛ 28፥ 28ን በ19 ብናባዛ 532 ይሆናል። ስለዚህ ሊቃውንት 28ቱን ዐውደ ፀሐይ፥ 76ቱን ማኅተም፥ 532ቱን ዐቢይ ቀመር ብለው ሰየሙአቸው።

28 ቁጥር ራሱ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። የሚያካፍሉት ትናንሽ ቁጥሮች 1፥ 2፥ 4፥ 7ና 14 ናቸው፤ እነርሱም ሲደመሩ መልሰው 28 ይሆናሉ። የጥንት የግሪክ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቁጥር ፍጹም ብለው ጠሩት። 532 ግን 12 አካፋዮች አሉት፤ ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 588 ይሆናሉና ከራሱ ይበልጣሉ።

532 ዓመትን ወደ ቀን ብንመልሰው 194,313 ቀን ይሆናል። ይህን ታላቅ ቁጥር ለ7 ብናካፍለው 27,759 ሳምንት ይሆናል፥ አንድ ቀን እንኳ አይተርፍም። በዚሁ ዘመን ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቈጠራሉ። ከፀሐይ ቀን፥ ከሳምንት ዕለት፥ ከጨረቃም ወር አንዳች ትርፍ ሳይቀር ሦስቱ በአንድ በር ይገባሉ። ስለዚህ ከ2000 ዓመተ ምሕረት 532 ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ በአፄ በእደ ማርያም ዘመን 1468 ዓመተ ምሕረትን እናገኛለን፤ በዚያም ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 19 ቀን ነበረ። ወደ ፊትም በ2532 ዓመተ ምሕረት በዚሁ ሥርዓት ሚያዝያ 19 ቀን ይሆናል። የዓለም ዕድሜ በዚሁ ሲቈጠር እስከ ክርስቶስ ልደት 10 ቀመር አልፎ 180 ዓመት ተርፎ ነበረ። 14ኛው ቀመር በ1948 ዓመተ ምሕረት ተፈጸመ፤ 15ኛው በ1949 ተጀመረ፥ በ2480ም ይፈጸማል።

ይህ ቁጥር በእስክንድርያና በኢትዮጵያ ብቻ አልቀረም። በምዕራብ አገር ቪክቶርዮስ ዘአቂታንያ በ457 ዓመት የ532 ዓመት የፋሲካ ሰሌዳ ሠራ፤ በእንግሊዝ አገር መነኵሴው ቤዳ በ725 ዓመት ስለዚሁ ዙር ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። በ1583 ዓመት ዮሴፍ ስካሊገር የሚባል ሊቅ 532ን በ15 አባዝቶ የ7,980 ዓመት ዘመን አቆመ፤ የከዋክብት ተመራማሪዎችም ዛሬ ቀኖችን የሚቈጥሩት ከዚያ ዘመን መጀመሪያ አንሥተው ነው። በግብፅም አገር በ13ኛው መቶ ዓመት አቡ ሻክር የሚባል ዲያቆን ስለ ዘመን ቈጠራ የጻፈው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ በኢትዮጵያ ሊቃውንት እጅ ይገኛል።

እውነትን መውደድ የሚገባው አንባቢ አንድ ነገር ደግሞ ሊያውቅ ይገባዋል። የታሪክ መርማሪዎች እንደሚሉት ይህ ሒሳብ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። ከድሜጥሮስ በኋላ የተሾመው ዲዮናስዮስ በ8 ዓመት ዙር ይቈጥር ነበረ፤ በእስክንድርያ ተወልዶ በሎዶቅያ ጳጳስ የሆነው አናቶልዮስ የ19ኙን ዓመት ዙር ለፋሲካ አዋለው፤ በ325 ዓመት በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች ሁሉም ፋሲካን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ወሰኑ፤ የ532ቱን ዓመት ሰሌዳ ያደራጀው በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኵሴ ነው። ይህ ግን ድሜጥሮስን አያሳንሰውም። የወይን ተክል የሚተክል አንድ፥ የሚያጠጣ ሌላ፥ የሚገርዝ ሌላ፥ የሚለቅምም ሌላ ነው፤ ሕዝብም ጽዋውን ሲያነሣ የአትክልቱን ባለቤት ስም ይጠራል። ስለ አንድነት የደከመ የእስክንድርያ አባት ስም ለብዙዎች ድካም ማሰሪያ ሆነ።

ሒሳቡም ቢሆን ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወራት የተካከሉ ቢመስሉም በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይለያያሉ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን በ532 ዓመት ውስጥ ተከማችቶ ከአንድ ቀን ተኩል ያልፋል። ዓመቱንም 365 ቀን ከሩብ ማለት ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት 11 ደቂቃ ያህል ስለሚበልጥ፥ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይዛባል። በዚህ ምክንያት በ1582 ዓመት የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛው የምዕራቡን አቈጣጠር አሻሻለ፤ ከዚያ ወዲህ የምዕራብና የምሥራቅ ክርስቲያኖች ፋሲካ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ስለ አንድነት የተሠራ ቁጥር ሁሉን አንድ ሳያደርግ ቀረ። ቁጥር መንገድ ያቀናል እንጂ ልብን ሊያስታርቅ አይችልምና።

ይህን ከድሜጥሮስ ከራሱ ሕይወት እንማራለን። በ202 ዓመት ንጉሥ ሳዊሮስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ የኦሪጎን አባት ሊዮኒዳስ በሰማዕትነት ሞተ። ኦሪጎን በዚያን ጊዜ ዕድሜው 17 ዓመት አይሞላም ነበረ። መምህራን በስደት በተበተኑበት ወራት ድሜጥሮስ የወጣቱን ትጋት አይቶ፥ ጰንጤኖስና ቀለምንጦስ ያስተማሩበትን ታላቁን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ዐደራ ሰጠው። ያልተማረው ሽማግሌ የተማረውን ልጅ አከበረ፤ ይህ ታላቅነት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ኦሪጎን በቂሳርያ ከሌሎች ጳጳሳት እጅ ቅስና ተቀበለ። ድሜጥሮስም ያለ ፈቃዱ የተደረገ ነውና ተቈጣ፥ በ231 ዓመት ገደማ ጉባኤ ሰብስቦ ከእስክንድርያ አስወጣው። አንዳንዶች ድሜጥሮስ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓትና የቀናውን ትምህርት ጠበቀ ይላሉ፤ አውሳብዮስ ግን የኦሪጎን ዝና ቅንዓት እንዳሳደረበት ጽፎአል። የማንኛቸውም ፍርድ ትክክል ቢሆን፥ የፀሐይንና የጨረቃን ስምምነት ሲሻ የነበረ አባት ከሚወደው መምህር ጋር ሳይስማማ ሞተ። ከሰማይ ዙር ይልቅ የሰው ልብ ለመቍጠር ያስቸግራል።

ድሜጥሮስ 43 ዓመት በወንበሩ ተቀምጦ በ231 ወይም በ232 ዓመት አረፈ። እጅግ በሸመገለ ጊዜ እግሮቹ ስለ ደከሙ በአልጋ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ነበረ፤ እርሱ ግን ሕዝቡን ማስተማር አልተወም ይባላል። የዕረፍቱ መታሰቢያ ጥቅምት 12 ቀን ነው። ስለ ሒሳቡ የተደረገው ስብሰባም ኅዳር 10 ቀን ይታሰባል።

በጎጃም በአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይህን ሒሳብ በቃላቸው ይማሩታል። ባሕረ ሐሳብ መርሐ ዕውር ተብሎም ይጠራል፤ ዕውርን የሚመራ ማለት ነው። ስሙ መልካም ነው። መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ የሌለው፥ ዐይኑም ሰሌዳ ማየት የማይችል ሰው በጣቶቹ ብቻ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ሊያገኝ ይችላልና። እውቀት በአንድ ከተማ በአንድ ቤት ተቈልፎ ቢቀር ድሀው ሁልጊዜ ደጅ እየጠና ይኖር ነበረ። አሁን ግን በጥርባ ያለ ደቀ መዝሙርና በእስክንድርያ ያለ ሊቀ ጳጳሳት ያንኑ 7500 ለ19 ሲያካፍሉ ያንኑ 14 ያገኛሉ። ቁጥር ለሀብታምና ለድሀ፥ ለታላቅና ለታናሽ አያዳላም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት ሦስት ነገር ያዙ። ለመማር ዕድሜ አልፎብኛል አትበሉ፤ የወይን ገበሬው በሽምግልናው ተምሮ የሊቃውንት ከተማን መርቶአልና። የጀመራችሁትን ሒሳብ ሳትመረምሩ አትተዉ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሠላሳ እስኪሞሉ ድረስ ካህኑ ቀኑን አይናገርም፥ እናንተም ነገራችሁን መዝናችሁ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ፥ ከባልንጀራችሁ ጋር ጥቂት በሆነ ነገር ስትለያዩ ልዩነቱን በጊዜው አስተካክሉ። በ19 ዓመት ውስጥ ያለችው የአንድ ሰዓት ተኩል ጉድለት ማንም ሳያያት ቀን ሆናለች፤ በወንድማማች መካከል የተናቀች ቅሬታም እንዲሁ ናት።